ጥራቱ ይመረመራል፤ ዋጋውን ማን ይመረምረዋል?



በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሕመም ምልክቶች፣ ስለ ክትባትና ስለ አመጋገብ ነው። ዛሬ ግን ስለ መድኃኒት ዋጋ ልጽፍላችሁ ነው። "ዶክተር፣ ይሄ የነጋዴና የንግድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። የሐኪምም ጉዳይ ነው። ለሰባት ቀን የታዘዘ አንቲባዮቲክ ለሦስት ቀን ብቻ ሲገዛ፣ የደም ግፊት ክኒን አንድ ቀን ተውጦ አንድ ቀን ሲዘለል፣ የስኳር ታማሚ ኢንሱሊኑ "እንዲበረክት" ብሎ መጠኑን ሲቀንስ፣ ዋጋው ራሱ የሕመሙ አካል ሆኗል ማለት ነው። በኋላ ግፊቱ ወደ ስትሮክ፣ ስኳሩ ወደ ኩላሊት መድከም ሲሄድ ካርዱ ላይ የሚጻፈው "መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም" የሚል ነው። "መግዛት አልቻለም" ተብሎ የሚሞላ ቦታ ካርዱ ላይ የለም።

የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው፦ መንግሥት የመድኃኒትን ጥራት እንደሚቆጣጠር ሁሉ ዋጋውንና በዋጋው ውስጥ የተቀመጠውን ትርፍም መቆጣጠር አለበት። ይህ ለድሃ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

መድኃኒት እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም

"ዋጋን ገበያው ራሱ ይወስነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለቲማቲም ይሁን። ቲማቲም ሲወደድ ያለ ቲማቲም ወጥ ትሠራላችሁ። ጫማ ሲወደድ ያለውን ታስጠግናላችሁ። የልጅ የሳንባ ምች ግን ደመወዝ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ የሚከፍለው ታካሚው ነው፤ ዋጋውን የሚያውቀው ሻጩ ነው። ገዢው መድኃኒቱን አይቶም ቀምሶም ጥራቱን መለየት አይችልም። "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ መሄድም አይችልም። ሻጩ ሁሉን ያውቃል፤ ወላጁ የሚያውቀው ልጁ እንደሚያተኩስ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ግብይት ውስጥ "ተከራከሩ" ማለት ቀልድ ነው። ተከራካሪው በእናንተ ስም የቆመ፣ ሒሳቡን የማየት ሥልጣን ያለው አካል መሆን አለበት።

ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ምን ይሆናል?

ኢንሱሊንን እንውሰድ። ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተወግቶ ከሞት ተረፈ። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነበር። ማንም እንዲህ ያለ መድኃኒት ብቻውን ይዞ እንዳይከብርበት ፈልገው ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? የዓለምን የኢንሱሊን ገበያ በአብዛኛው የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ሆኑ፦ ኖቮ ኖርዲስክ፣ ኢላይ ሊሊ እና ሳኖፊ። በአሜሪካ ሁማሎግ የተባለው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የአንድ ብልቃጥ ይፋዊ ዋጋ 21 ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 ወደ 275 ዶላር ደርሶ ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያው ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ለአንድ ታማሚ የአንድ ሙሉ ዓመት የተለመደውን ኢንሱሊን አምርቶ፣ መጠነኛ ትርፍ ጨምሮ ለመሸጥ ከ48 እስከ 71 ዶላር እንደሚበቃ አሰላ። በዬል የስኳር ሕመም ማዕከል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአራት ታካሚዎች አንዱ በዋጋው ምክንያት ኢንሱሊኑን ከታዘዘለት አሳንሶ እንደሚጠቀም አሳየ። ይህ የሆነው በዓለም ሀብታም በምትባል አገር ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕግ ወጣ። በሜዲኬር መድን ለታቀፉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የአንድ ወር ኢንሱሊን ክፍያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የመንግሥትና የሕዝብ ግፊት እየበረታ ሄደና በመጋቢት 2023 ኢላይ ሊሊ በብዛት የሚሸጡ ኢንሱሊኖቹን ይፋዊ ዋጋ በ70 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሁለቱም ተፎካካሪዎች ተከተሉት። ለዓመታት "አይቻልም" ሲባል የነበረው ቅናሽ በአንድ ወር ውስጥ የተቻለው እንዴት ነው? ጠያቂ ስለመጣ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ፌኒቶይን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ቤተሰብ ይህን ስም ያውቀዋል፤ ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለ መድኃኒት ነው። በብሪታኒያ የመንግሥት የዋጋ ቁጥጥር የንግድ ስም ያላቸውን መድኃኒቶች ብቻ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ፋይዘርና ፍሊን የተባሉ ኩባንያዎች የፌኒቶይንን የንግድ ስም አውልቀው በሳይንሳዊ ስሙ መሸጥ ጀመሩ። 2.83 ፓውንድ የነበረው የ100 ሚሊግራም እሽግ በአንድ ጊዜ 67.50 ፓውንድ ሆነ። የሚጥል በሽታ ታማሚ ደግሞ መድኃኒቱን ከአንድ አምራች ወደ ሌላ በቀላሉ መቀየር አይችልም፤ መንቀጥቀጡ ሊመለስበት ይችላል። ኩባንያዎቹ ይህን ያውቃሉ። የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ቅጣት ጣለ፤ የፍርድ ቤቱ ክርክር ግን ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አገሪቱ በ2017 አዲስ ሕግ አውጥታ ቀዳዳውን ዘጋች። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቁጥጥሩ አንድ ቀዳዳ ካለው ትርፉ የሚወጣው በዚያው ነው።

"ምርምር ገንዘብ ይፈልጋል" ለሚሉ

እውነት ነው፤ አዲስ መድኃኒት ማግኘት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለዚያ መክፈል ተገቢ ነው፤ እኔም ነገ ለታካሚዬ የተሻለ መድኃኒት እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ኢንሱሊን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፌኒቶይን የአያቶቻችን ዘመን መድኃኒት ነው። የትኛው ምርምር ነው ዋጋቸውን በእጥፍ ድርብ ያስጨመረው? ለአዲሱም ቢሆን "ምርምሩ ስንት ፈጀ? ከዚህ ውስጥ ስንቱ ከመንግሥት ገንዘብ መጣ?" ብሎ መጠየቅ ኩባንያውን መጥላት አይደለም። ደረሰኝ ጠይቆ መክፈል ነው። በግንቦት 2019 የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ለመድኃኒት የሚከፍሉትን ትክክለኛ ዋጋ በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያበረታታ ውሳኔ ያሳለፈው ለዚሁ ነው።

ሲጠየቅ ግን ይወርዳል

ይህንን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ የአንድ ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለአንድ ዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በየሰፈራችን ድንኳን ይተከል የነበረበትን ያንን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ ስታወጣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች መንግሥቱን ከሰሱት። የዓለም ሕዝብ ሲጮህባቸው በሚያዝያ 2001 ክሱን አነሱ። በዚያው ዓመት የህንዱ ሲፕላ የዓመቱን መድኃኒት በ350 ዶላር አቀረበ። ዛሬ የተሻለው የአንድ ዓመት መድኃኒት ለታዳጊ አገሮች ከ50 ዶላር በታች ይገዛል። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት የቻለውም ዋጋው ስለወረደ ነው። ከ10,000 ወደ 50 ያወረደው የገበያ ተአምር አይደለም። ታማሚዎች፣ መንግሥታትና ጄኔሪክ አምራቾች አንድ ላይ ገፍተውት ነው።

ግብፅም አለች። ሶቫልዲ የተባለው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት በአሜሪካ ለ12 ሳምንት 84,000 ዶላር ተጠየቀበት፤ አንዱ ክኒን 1,000 ዶላር ማለት ነው። ግብፅ ተደራድራ ሙሉውን ሕክምና በ900 ዶላር ገደማ አገኘች። ከዚያ የራሷ ፋብሪካዎች ሲያመርቱት ከ100 ዶላር በታች ወረደ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችም ታከሙ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የሚያስፈጽመው ባለሥልጣንም አለ። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ደህንነቱ ተረጋግጧል? ጥራቱን ጠብቋል? ይፈውሳል? እነዚህ ጥያቄዎች የብዙ ልጆችን ሕይወት አድነዋል። ወላጅ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚጠይቀው ግን አራተኛውን ነው፦ ዋጋው ልክ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ማን ይመልስላችኋል? አንድ ማዘዣ ይዛችሁ ሦስት መድኃኒት ቤት ብትዞሩ ሦስት ዋጋ እንደምትሰሙ ታውቁታላችሁ። የትኛው ልክ እንደሆነ የምታመሳክሩበት ወረቀት እጃችሁ ላይ የለም።

አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ ይመጣል። ከአምራቹ ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ለምሳሌ 100 ብር የሆነ ሽሮፕ ላይ ሦስቱም እጆች 30 በመቶ ቢጨምሩ የመጀመሪያው 130፣ ሁለተኛው 169፣ ሦስተኛው 220 ብር ገደማ ያደርገዋል። እያንዳንዱ "እኔ 30 ብቻ ነው የጨመርኩት" ይላል፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ትርፍ በመቶኛ ሲሰላ ሌላም ጣጣ አለው። በ25 በመቶ ትርፍ የ100 ብር መድኃኒት 25 ብር፣ የ1,000 ብር መድኃኒት 250 ብር ያስገኛል። መደርደሪያው ላይ የትኛውን ማቆየት ያዋጣል? ርካሹ "አልቋል" የሚባለው፣ ውዱ የማይጠፋው ለምን እንደሆነ አስቡት።

ዶላሩም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ መድኃኒት መወደዱ አይቀርም፤ በዚህ አስመጪውን አልወቅስም። ነገር ግን ትርፉ በመቶኛ ከሆነ ዶላር እጥፍ ሲሆን ትርፉም ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ እጥፍ ይሆናል። በአሮጌው ምንዛሪ ገብቶ መጋዘን የተቀመጠው ዕቃስ በየትኛው ዋጋ ተሸጠ? "ዶላር ነው" የምትለው አንዲት ቃል ሁሉንም ጭማሪ እንድትሸፍን መፍቀድ የለብንም። ምንዛሪው ስንት ጨመረ፣ ትርፉ ስንት ጨመረ ብሎ የሚለይ ያስፈልጋል።

"ዋጋ ከተወሰነ መድኃኒቱ ይጠፋል"

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መንግሥት ዝም ብሎ "ከዚህ በላይ አትሽጡ" ብሎ ቢቀመጥና ዶላር ቢጨምር፣ አስመጪው ማስመጣቱን ያቆማል፤ ቦታውን የኮንትሮባንድ ዕቃ ይይዘዋል። ከውድ መድኃኒት የከፋው የውሸት መድኃኒት ነው። ይህን በሚገባ እቀበላለሁ።

መፍትሔው ግን ቁጥጥሩን መተው አይደለም፤ በቀመር ማድረግ ነው። ህንድ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ላይ ጣሪያ ታስቀምጣለች፤ ጣሪያውን በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ታስተካክላለች። ከፍተኛው የመሸጫ ዋጋም እሽጉ ላይ ታትሞ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ከ2004 ጀምሮ አንድ መድኃኒት ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ለሁሉም የግል ገዢ በአንድ ዋጋ እንዲወጣ፣ መድኃኒት ቤቱም ከተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ በላይ እንዳይጨምር አድርጋለች። በሁለቱም አገር መድኃኒት ቤቶች አልተዘጉም። አስመጪው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል፤ ታማሚውም ምን እንደሚከፍል ያውቃል።

ሐኪሙም ከሒሳቡ ውጭ አይደለም

የኩባንያ ወኪል ናሙናና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ሐኪሙን ወዶት አይደለም። የስብሰባው ምሳና የሥልጠናው ሆቴል ወጪ የሚመለሰው ከእናንተ ኪስ ነው። ሐኪም በንግድ ስም ሲያዝዝ ወላጁን ለአንድ ኩባንያ ያስረዋል፤ በሳይንሳዊ ስም ሲያዝዝ ግን ምርጫውን ይከፍትለታል። ስለዚህ ቁጥጥሩ እኛንም ይመልከት። ኩባንያ ለሐኪምና ለጤና ተቋም የሚሰጠው ማንኛውም ጥቅም በይፋ ይመዝገብ። ቅር የሚለው ሐኪም ካለ ምክንያቱን ይንገረን።

ምን እንጠይቅ?

1. በአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች ከጉምሩክ እስከ መደርደሪያ ያላቸው ዋጋ በይፋ ይውጣ። የገቡበት ዋጋ በሰነድ ይታወቃል፤ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

2. የትርፍ ጣሪያው ደረጃ ይኑረው፤ መድኃኒቱ ሲወደድ መቶኛው ይቀንስ። ያኔ ርካሹን መሸጥም ያዋጣል።

3. ከፍተኛው የመሸጫ ዋጋ እሽጉ ላይ ይታተም ወይም ይለጠፍ። ፊደል የማያነቡ እናትም ቁጥር ያነባሉ።

4. ዋጋው በተወሰነ ጊዜ፣ በግልጽ ቀመር፣ ምንዛሪውን ተከትሎ ይስተካከል፤ ዶላር ሲወጣ እንደሚወጣ ሁሉ ሲወርድም ይውረድ።

5. ሥራው ከልጆች መድኃኒት፣ ከኢንሱሊን፣ ከደም ግፊት፣ ከሚጥል በሽታና ከካንሰር መድኃኒቶች ይጀምር።

6. የመንግሥት አቅርቦት ይጠናከር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን ከፍሎ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

እስከዚያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

• ሐኪሙን "ከታዘዙት ውስጥ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው። ለተራ የልጅ ጉንፋን አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ የሳል ሽሮፕም ለትንንሽ ልጆች ጥቅሙ እምብዛም ነው። ለተቅማጥ ብዙ ጊዜ ዋናው መድኃኒት ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ነው፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። (ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ፈጣን አተነፋፈስ ወይም መጥባት አለመቻል ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም!)

• የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም አጽፉ። ፋርማሲስቱን "በዚሁ ስም የተመዘገበ፣ ዋጋው የሚቀንስ አለ?" በሉት። የሚጥል በሽታ ታማሚ ግን ሐኪሙን ሳያማክር አምራች አይቀይር።

• ከግል መድኃኒት ቤት በፊት የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤቶችን፣ አዲስ አበባ ላይ ከነማን፣ ባለበት ቦታ ደግሞ የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት ጠይቁ።

• ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አስቀምጡት። ነገ አቤት የምትሉት በወረቀት ነው።

• በርካሽ ብላችሁ ከመንገድ ወይም ምንጩ ካልታወቀ ሰው አትግዙ።

• ገንዘብ ካጠረ መጠኑን ቤት ሆናችሁ አትቀንሱ፤ ተመልሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ብዙ ጊዜ የሚቀየር ርካሽ አማራጭ አለ። በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ለሕይወቱ ያሰጋል። አንድም ቀን አይቋረጥ።

በመጨረሻ፣ ለሚመለከታችሁ ባለሥልጣናት፦ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ መድኃኒት ቤቱ ይታሸጋል፤ ልጅን ይጎዳልና ትክክል ነው። ጥራቱን የጠበቀ፣ ግን እናቱ ልትገዛው ያልቻለችው ሽሮፕም ያንን ልጅ አላዳነውም። የመጀመሪያውን የምትመረምሩበት ሥልጣን አላችሁ። ሁለተኛውንም የምትመረምሩበት ሕግና ሥልጣን እንዲኖር አድርጉ።

እናንተስ በአካባቢያችሁ የምትገዙት የዘወትር መድኃኒት ዋጋው ምን ያህል ተለያየባችሁ? የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና የከፈላችሁትን ዋጋ ብቻ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ የመድኃኒት ቤቱን ስም አትጥቀሱ። ጽሑፉ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ካላችሁ አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!